ለማብላያ የሚሆን ጠርሙስ፦ ማጠብ ይበቃል ወይስ ይቀቀል?

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አትክልት በጨው ማብላላት ልጀምር ነው። ለመጀመሪያ ያሰብኩት ጥቅል ጎመንና ካሮት ነው። ጠርሙስ አላጣሁም፤ ሁሉም አፈ ሰፊ ናቸው። ግማሾቹ አዲስ ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ማርማላታና ቃሪያ የነበረባቸው።

ግራ ያጋባኝ ጽዳቱ ነው። አንዱ «ካልቀቀልሽው ትመረዣለሽ» ይላል። ሌላው በረኪና ካልነካው አይሆንም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በሳሙና አጥበሽ ተገላገይ ይላል። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። ማንን ልስማ?

ሁለት ነገር ልጨምር። ከአሮጌዎቹ በአንዱ ውስጥ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ፤ ብፈገፍገው አልለቅ አለኝ። የቃሪያው ጠርሙስ ክዳን ደግሞ ታጥቦም ታጥቦም ይሸታል።

ጨው_በልክ፦
እንኳን ደህና መጣሽ። ሦስተኛው ሰውዬ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግን እንዴት እንደሚታጠብ ካልነገረሽ ምንም አልነገረሽም።

ምክንያቱን ላስቀድም። ጎመኑን የሚያብላላው ባክቴሪያ ከሰማይ አይወርድም፤ ቅጠሉ ላይ ነው የሚኖረው። ጠርሙሱን የቱንም ያህል ብትቀቅዪው፣ የምትጠቀጥቂበት ጎመን የራሱን ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። እንዲገባም እንፈልጋለን። ጨው የማይፈለጉትን ያዳክማል። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ግን ጨው ይችላሉ። እነሱ በዝተው አሲዱን ሲያመርቱ ሌላው ተሐዋሲ መኖሪያ ያጣል። ስለዚህ ጠርሙሱ ንጹሕ መሆን አለበት እንጂ እንደ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ የመከነ፣ ማለትም አንድም ጀርም የሌለበት፣ መሆን የለበትም።

ንጹሕ ስል ለዓይን ያማረ ማለቴ አይደለም። የድሮ ምግብ፣ ቅባት፣ የሚያሟልጭ ነገር፣ የሳሙና ቅሪት አንዳቸውም አይኑሩበት። እኔ መጀመሪያ ጎማውን ከክዳኑ አወጣለሁ። ጠርሙሱን እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና እሞላዋለሁ፤ ትንሽ ይቀመጥ። ከዚያ በለስላሳ የጠርሙስ ብሩሽ ከታች ጀምሬ ወደ አፉ። የታችኛው ጥግ፣ ትከሻው ስር፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ፦ እነዚህ ሦስቱ ጋ ነው ቆሻሻ የሚደበቀው። በመጨረሻ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ፣ በንጹሕ መደርደሪያ ላይ መድፋትና ራሱ እስኪደርቅ መተው። በፎጣ አታድርቂው። የወጥ ቤት ፎጣ ካጠብሽው ጠርሙስ የበለጠ ጀርም ሊይዝ ይችላል።

መንጻቱን ማወቅ ከፈለግሽ ውኃ ሞልተሽ ድፊውና ግድግዳውን እዪው። የጸዳ መስታወት ላይ ውኃው ወጥ የሆነ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይወርዳል። ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ግን ይሸሻል፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ እንደገና ሳሙና። ይህን ፈተና ያላለፈ ጠርሙስ በረኪና ብታጠጪውም ትርፉ ድካም ነው።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
ከጨው በልክ ጋር አልስማማም። 10 ደቂቃ መቀቀል ምን ይጎዳል? ጀርሙ ይሞታል፣ አንቺም በሰላም ትተኛለሽ። የምታብላዪውን ነገር ቤተሰብ ነው የሚበላው። «ይበቃል» በሚል ግምት አልኖርም።

ጨው_በልክ፦
ማንም አትቀቅል አላለህም ወንድሜ። ቀቅል። ግን ያልታጠበን ጠርሙስ መቀቀል ቆሻሻውን ማብሰል ነው።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
ያልታጠበ ማን አለ? ታጥቦ ይቀቀል ነው ያልኩት።

ላብራቶሪ_ገብ፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ልግባበት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መቀቀል አብዛኛውን ተሐዋሲ ይገድላል። ይህ እውነት ነው። ስፖር ያልሠሩ ባክቴሪያዎች ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። እርሾና ሻጋታም እንዲሁ። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲከፋባቸው ስፖር ይሠራሉ፤ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ እንደ መተኛት ነው። ሁላችንም የምንፈራው ቦቱሊዝም (ከምግብ የሚመጣ ገዳይ መመረዝ) የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስፖሩ 100 ዲግሪ ላይ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። እሱን ለማጥፋት 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በግፊት ካልሆነ በተራ ድስት አይገኝም። ስለዚህ በድስት የቀቀልነውን ጠርሙስ «መከነ» ስንል ራሳችንን እናታልላለን። ጀርሙ በጣም ቀንሷል፣ በቃ።

አሁን ዋናው ነገር። የቦቱሊነም ስፖር መኖሪያው አፈር ነው። ከአፈር የወጣ ካሮት ላይ ሊኖር ይችላል። ጠርሙሱን ብታመክነው እንኳ ካሮቱ ይዞት ይገባል። ታዲያ በአግባቡ በጨው የተብላላ አትክልት ለምን አይገድለንም? አሲዱ ነዋ። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው። ከ4.6 በታች ሲወርድ ያ ስፖር በቅሎ መርዝ መሥራት አይችልም። በደንብ የተብላላ ጥቅል ጎመን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ 3.5 አካባቢ ይወርዳል።

ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፤ ደኅንነቱን የሚጠብቀው ጨውና አሲድ ነው። ቀቅለህ ጨርስ በሰላም መተኛት ከፈለገ ሚዛንና የፒኤች ወረቀት ይግዛ። የአትክልቱን ክብደት መዝኖ ከ2 እስከ 3 በመቶ ጨው ያድርግ። አትክልቱ በጨው ውኃ ተሸፍኖ ከተቀመጠ ደግሞ ውኃውንም አብሮ ይመዝን። 1 ኪሎ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ግራም ማለት ነው። በማንኪያ መገመት አይሠራም፤ ደቃቅ ጨውና ደንዳና ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም።

የጠርሙስ ጽዳት ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? ጅማሬውን ስለሚወስን ነው። አሲዱ እስኪመጣ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሻጋታ ወይም የድሮ ምግብ ቅሪት ካለ፣ ላልተፈለገው ወገን ጥሩ መነሻ ሰጠነው ማለት ነው።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
እሺ ስለ ስፖሩ ተቀበልኩ። ግን ስቀቅል ስንት ደቂቃ እንደሆነ ንገረኝ፤ አንዱ 5 ይላል አንዱ 20።

ላብራቶሪ_ገብ፦
ለምግብ ማሸጊያ ጠርሙስ የሚሰጠው የተለመደው መመሪያ እንዲህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 300 ሜትር ድረስ ለሚኖር ሰው፣ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ምክንያቱ ከፍታ ሲጨምር ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። 2,000 ሜትር ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ የሚኖር ሰው 16 ደቂቃ ቢቀቅል ይሻላል። 5 ያለህ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ቢሆን እንኳ አጉድሏል።

ጠርሙስ_ሰብሳቢ፦
ስለ መቀቀል ካነሳችሁ ስለ መስታወቱም ይወራ። ስንት ጠርሙስ በከንቱ ይሰበራል መሰላችሁ!

መስታወት የሚሰበረው ሙቀት ስለበዛበት አይደለም። ሙቀቱ በድንገት ሲለወጥ ነው። የፈላ ውኃ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ ስትገለብጡ የውስጠኛው ፊት ወዲያው ይለጠጣል፣ የውጪው ገና አልሰማም። ሁለቱ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚለቀው ታቹ ነው። ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ እስኪያልፈው ይቆያል፤ ስንጥቁ ታቹን ክብ አድርጎ ይዞርና እንደ ሳንቲም ዱብ ይላል።

ተራው የምግብ ጠርሙስ ይህን አይችልም። ላብራቶሪ ውስጥ የምታዩት ቦሮሲሊኬት የሚባለው መስታወት ይችላል፤ በሙቀት የሚለጠጠው የተራውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። የማርማላታ ጠርሙስ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ የምትቀቅሉ ሰዎች፦ ድስቱ ታች ጨርቅ አንጥፉ። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውኃ ሞልታችሁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከውኃው ጋር አብሮ ይሙቅ። ስታወጡትም ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ። እርጥብ እብነ በረድ ላይ ካስቀመጣችሁት ድምፁን ትሰማላችሁ።

ደረቁን ምድጃ ውስጥ ከትታችሁ «በደረቅ ሙቀት አጸዳለሁ» የምትሉ ደግሞ ተዉት። ምድጃ ሙቀቱን እኩል አያዳርስም። በደረቅ ሙቀት ለማምከን 160 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የጠርሙስ አምራቾችም አይመክሩትም።

ለአዲስ ገቢ፦ አሮጌዎቹን ከመጠቀምሽ በፊት አፋቸውን ፈትሺ። በጣት አይደለም፣ በጥጥ። ትንሽ ጥጥ በአፉ ዙሪያ ቀስ አድርገሽ አዙሪ። የተሸረፈ ቦታ ካለ ጥጡን ይነጨዋል። የተሸረፈ ጠርሙስ ለምግብ አይሆንም፤ ስባሪው ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ክዳኑም አይገጥምም። በብረት ሽቦም አትፈግፍጊ። የጫርሽው መስመር ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

አዲስ_ገቢ፦
ወይ ጉድ፣ በሽቦ ልፈገፍገው ነበር። ነጩ ጭጋግስ?

ጠርሙስ_ሰብሳቢ፦
ኮምጣጤ አፍስሺበትና ትንሽ አቆዪው። አረፋ ካወጣና ከለቀቀ የውኃ ኖራ ነው፤ ማዕድን የበዛበት ውኃ ደርቆ የተወው። ኮምጣጤው ያሟሟዋል። ካልለቀቀ ግን መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ብዙ የታጠበ ጠርሙስ ላይ ይታያል። ያንን ምንም አያስለቅቀውም። ውበቱን ይቀንሳል እንጂ ጤና አይነካም።

የድሮ_እጅ፦
ልጆቼ፣ በኮምጣጤ አለቅልቆ መጨረስ አይቻልም እንዴ? እኔ ኬሚካል አልወድም።

ላብራቶሪ_ገብ፦
እማማ፣ ኮምጣጤ ኖራ ለማስለቀቅና ሽታ ለመቀነስ ጎበዝ ነው። ጀርም ገዳይ ብሎ ለመታመን ግን አይበቃም፤ አንዳንዱን ያዳክማል፣ አንዳንዱን አይነካም። ደግነቱ ለዚህ ሥራ ገዳይ የግድ አያስፈልግዎትም። በሳሙና በደንብ ታጥቦ በሙቅ ውኃ ከተለቀለቀ ያለ ኬሚካል ይሠራሉ። ኮምጣጤውን ለኖራው ይያዙት።

አፍንጫዬ፦
በረኪና የምትጠቀሙ ካላችሁ መጠኑን በትክክል ጻፉልኝ። «ትንሽ ጠብ አድርግ» የሚል መልስ ሰልችቶኛል።

ጨው_በልክ፦
ልክ ነህ፣ «ትንሽ» መጠን አይደለም። ሽታና ማወፈሪያ የሌለው፣ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ በረኪና ይሁን። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ 4 ሚሊ ሊትር። ከሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው። ይህ በሚሊዮን 200 ክፍል ክሎሪን ገደማ ይሰጥሃል፤ ምግብ ለሚነካ ዕቃ የሚመከረው የላይኛው ልክ እሱ ነው። ሁሉም ግድግዳ ይርጠብ፣ 2 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ገልብጠህ አንጠፍጥፈው። በጣም ማብዛት ምንም አይጨምርልህም፤ ጠረን ብቻ ነው የሚተርፍህ።

የፈላ ውኃ ውስጥ አትጨምረው፣ ጉልበቱን ያጣል። ብርሃን ላይ የቆየና ከተከፈተ የከረመ በረኪናም እንደዚያው ደካማ ነው። ክዳኑ ብረት ከሆነ አትንከርበት፤ ያዝገዋል።

ላብራቶሪ_ገብ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። በረኪናና ኮምጣጤ በፍጹም አይገናኙ! ከላይ ኮምጣጤ ተጠቅሷል፣ አሁን በረኪና ተጠቅሷል፤ አንድ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «እጥፍ ጽዳት» እንዳይል። ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሌላ ቢሆንም ሳንባ ይጎዳል። ጭጋጉን በኮምጣጤ ካስለቀቃችሁ በብዙ ውኃ አለቅልቃችሁ አድርቁት። በረኪናው ሌላ ጊዜ ይምጣ፣ ከነጭራሹም ባይመጣ ይሻላል።

ሌላው፣ በረኪና ከቆሻሻ ጋር ሲገናኝ እዚያው ያልቃል። የምግብ ቅሪት ካገኘ እሱን ያቃጥልና ለጀርሙ የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። የሚያሟልጨው ሽፋንም እንደዚያ ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሠሩት ሙጫ ነው፣ ሥሩ ተከልለው ይኖራሉ። ሙጫውን ብሩሽና ሳሙና ያነሣዋል እንጂ በላዩ የፈሰሰ ኬሚካል አያልፈውም። ጨው በልክ ከመጀመሪያው ስለ ብሩሽ ያበዛው ለዚህ ነው።

ሻይ_አብላይ፦
እኔ አትክልት ሳይሆን የተብላላ ሻይ ነው የምሠራው፤ ኮምቡቻ። ለእኔም አንድ ነው?

ጨው_በልክ፦
መሠረቱ አንድ ነው። ግን አንተ ጋ ጨው የለም፣ ስኳር ነው ያለው። የምትተማመነው ከቀድሞው ሻይ በምትጨምረው ኮምጣጣ መነሻ ነው። ስለዚህ ጽዳቱን ትንሽ ጠበቅ አድርገው። በረኪና ከተጠቀምክ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደህና አድርገህ አለቅልቀው። የተረፈ ክሎሪን እናት እርሾህን ይጎዳል፣ ሻዩ ውስጥ ካሉ ነገሮች ጋር ተዋሕዶም የመድኃኒት ቤት ጣዕም ያመጣል። «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ሳሙናም ለዚህ ሥራ አትጠቀም።

አፍንጫዬ፦
ቢራ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ከተበጠበጠ በኋላ የማይለቀለቅ አሲዳማ ማጽጃ አለ አይደል? አረፋው ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቶ እንኳ ችግር የለውም ይላሉ።

ጨው_በልክ፦
አለ። ጥሩ ነው። በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ ነው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ከተበጠበጠ ማለቅለቅ አያስፈልገውም። ጠማቂዎች የሚጨነቁት የእነሱ ጭማቂ ጣፋጭ ስለሆነና መጀመሪያ ላይ ምንም መከላከያ ስለሌለው ነው። ለጨዋማ ጎመን ግን ቅንጦት ነው። ካለህ ተጠቀም፣ ከሌለህ አትግዛ።

ፀሐይ_መውጫ፦
እኔ ታጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አለቀ። ፀሐይ ጀርም ይገድላል።

ላብራቶሪ_ገብ፦
ማድረቁ ጥሩ ነው፣ ቀጥዪበት። ጀርም መግደሉን ግን አትቁጠሪበት። ተራ መስታወት ጀርም የሚገድለውን የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ደካማው ነው። ፀሐይ በጣም የምትጠቅመው ለክዳኑ ጎማ ነው። ሽታ ታወጣለች።

አዲስ_ገቢ፦
ጎማ ስትሉ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የቃሪያውን ክዳን ምን ላድርገው? አሁን በምክራችሁ መሠረት ከጠርሙሱ ለየሁት። ከውስጥ በኩል ነጭ ለስላሳ ቀለበት ተጣብቆበታል፣ አይወጣም። አንዱ ሌላ ጠርሙስ ደግሞ በሽቦ የሚታሰር የመስታወት ክዳን አለው፤ የእሱን ብርቱካናማ ጎማ ሳወጣው ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ አገኘሁ። ጠርሙሱ ራሱ እኮ ያብረቀርቃል!

የድሮ_እጅ፦
አየሽ ልጄ፣ ሁሉም ጠርሙሱን ያጥባል፣ ጎማውን የሚያይ የለም። ጥቁሩ ሻጋታ ነው። ጎማው ያለበት ጎድጓዳ ውስጥ እርጥበት ተቀምጦ የበቀለ። የተሰነጣጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ጎማውን ጣዪው፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን አታገኚውም። ደህና ከሆነ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጊው፣ ትንሽ ቀቅዪው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ክዳኑ ላይ ያለውን ጎድጓዳም በዚያው ብሩሽ።

ጨው_በልክ፦
እማማ ጨርሰውታል። በቃሪያው ክዳን ላይ ብቻ ልጨምር። የቃሪያ ጠረንና ማቃጠያ በቅባት የሚሟሙ ናቸው። ያ ለስላሳ ቀለበት ደግሞ ይመጥጣቸዋል። በቤኪንግ ሶዳ ለቁጠሽ ሌሊቱን ብታሳድሪው ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ከለቀቀ ለማወቅ ቀላል ነገር አለ፤ ጠርሙሱንም ክዳኑንም ደረቅ አድርገሽ ግጠሚ፣ ጠዋት ከፍተሽ አሽቺው። ምንም ካልሸተተሽ ሥራ ላይ ይዋል። ከሸተተሽ ያ ክዳን ለሚቀጥለው ቃሪያ ይሁንና ለጎመኑ ሌላ ፈልጊ።

ደግሞም ብረት ክዳንን ጨውና አሲድ አብረው ይበሉታል። የውስጥ ቀለሙ የተላጠ ክዳን በጥቂት ሳምንት ዝገት ያወጣል። ለማብላያ ጊዜ የፕላስቲክ ወይም የመስታወት ክዳን ይሻላል። ጥብቅ አድርገሽም አትዝጊው። ሲብላላ ጋዝ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ላላ አድርገሽ አስተንፍሺው። በሽቦ የሚታሰረውን በተለይ ተጠንቀቂው።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
እኔ ግን አሁንም እቀቅላለሁ። ጎማውንም ጨምሬ።

ላብራቶሪ_ገብ፦
ሲሊኮን ከሆነ ምንም አይሆንም። የተፈጥሮ ጎማ ከሆነ ብዙ ሲቀቀል ይደርቃል፣ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ያኔ የምትወደው ጀርም የሚደበቅበት ቤት ሠራህለት።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
ጀርም የምወድ አስመሰልከኝ 😂

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦
ከዚህ ሁሉ ጽዳት በኋላ የእኔ ኪያር ላይ ሁልጊዜ ነጭ ስስ ነገር ይሠራል። ጠርሙሱ ነው ወይ ጥፋቱ? ቀቅዬም አጥቤም መጥቷል።

ጨው_በልክ፦
ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ አንዳንዴ የተጨማደደ፣ ፀጉር የሌለው ከሆነ ካም የሚባለው እርሾ ነው። ጎጂ አይደለም፣ ጣዕም ግን ያበላሻል። ጠርሙሱን አትውቀስ። የሚመጣው አየር ስላገኘ ነው። ኪያሩ ከጨው ውኃው በታች ይቀመጥ፣ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈት፣ ጨዉ እንዳያንስ። ፀጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ ሻጋታ ነው። እሱን ገፍፎ የቀረውን መብላት አልመክርም። ከነኪያሩ ጣለው።

ሻጋታ የነበረበትን ጠርሙስ ነው እንግዲህ ጠበቅ አድርገህ ማከም ያለብህ። መጀመሪያ ብሩሽና ሳሙና፣ ከዚያ መቀቀል ወይም በረኪና። ጎማውን ቀይረው። ቀቅለህ ጨርስ እዚህ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው።

ቀቅለህ_ጨርስ፦
በመጨረሻ!

አፍንጫዬ፦
አልኮልስ? ቤት ውስጥ 95 በመቶ አለኝ፣ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል መሰለኝ።

ላብራቶሪ_ገብ፦
70 በመቶ ይሻላል። አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን እንዲያበላሽ ውኃ ያግዘዋል፤ 95ቱ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ለጠርሙሱ አፍና ለክዳኑ ጥርስ በጨርቅ መጥረጊያ ጥሩ ነው። እሳት አጠገብ አይሆንም።

አዲስ_ገቢ፦
ተባረኩ። ዛሬ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ጭጋጉ በኮምጣጤ አረፋ አውጥቶ ለቀቀ፤ የውኃ ኖራ ነበር። የጥጡን ፈተና ያላለፈ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ተገኘ፣ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። ብርቱካናማው ጎማ ተጥሏል። የቃሪያው ክዳን በቤኪንግ ሶዳ አድሮ አሁንም ይሸታል፣ ስለዚህ ወደ ቃሪያው ይመለስ።

የመጨረሻ ጥያቄ። አትክልቱ ከጨው ውኃው በታች ይቀመጥ ብላችኋል፤ ጎመኑን እዚያ ለማቆየት ክብደት ያስፈልገኛል። ከውጪ ለስላሳ ድንጋይ አንስቼ አጥቤ ብቀቅለው ይሆናል?

ጠርሙስ_ሰብሳቢ፦
ዓይነቱን ካላወቅሽ አይሆንም። አንዳንዱ ድንጋይ ኖራ ነው፤ አሲድ ያሟሟዋል። ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ተዪው። ባያወጣም ድንጋይ ቀዳዳ ስላለው እንደ መስታወት አይጸዳም። በጠርሙሱ አፍ የምትገባ ትንሽ ብርጭቆ ካለችሽ እሷን ውኃ ሙዪና በጎመኑ ላይ አስቀምጪያት። እሷንም ያው ጠርሙሱን እንዳጠብሽው ነው የምታጥቢያት።

አዲስ_ገቢ፦
አለችኝ። ጥጡን ላዙርባትና ልሂድ።